በወጣህበት ማርሽ ውረድ

ሰው በገዛ ገንዘቡና በገዛ ንብረቱ ላይ የወደደውን ቢያደርግ፣ ሌላው ምን አግብቶት ይጠይቀዋል? ቤቱን አፍርሶ ቢሠራ፣ አጥሩን ቢያድስ፣ ከአባቱ የወረሰውን መኪና ሞተር አስወርዶ በበለጠ ሞተር ቢለውጥ፣ ይህ ሁሉ የባለቤቱ ጉዳይ እንጂ የጎረቤት ጉዳይ አይመስልም። እኔም ብዙ ዘመን እንዲህ አስብ ነበር። አሳቤን ያስለወጠኝ መጽሐፍ ወይም መምህር ሳይሆን፣ ከበደሳ ወደ ጭሮ ሲኬድ ከኩኒ ደጋ የሚወርደው ቁልቁለት ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ከአየር ላይ ከማነሣው ከመንገዱ ብጀምር ይሻላል።

አባቴ በበደሳ ቡና ነጋዴ ነበር። በ1956 ዓ.ም. አንድ ግራጫ ፔጆ 404 ገዛ። ይህ መኪና ለሐረርጌ ሰው እንግዳ አይደለም፤ በሐረር ከተማ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ታክሲ ሆኖ ሲያገለግል የኖረ፣ ከከተማይቱ ግንብ ጋር አብሮ ፎቶግራፍ የሚነሣ ነው። ፋብሪካው መጀመሪያ ያወጣው በ1960 እ.ኤ.አ. ነው። የአባቴ መኪና ሞተር ባለ አራት ሲሊንደር ሆኖ 1,618 ሲሲ የሚይዝ፣ ኮፋኖው ዝቅ እንዲል ሲባል 45 ዲግሪ ወደ ጎን ጋደል ብሎ የተቀመጠ ነበር። የማርሹ ዘንግ ከመሪው ሥር ነው። ደካማ መኪና ነው እንዳይባል፣ የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ በተባለው ብርቱ እሽቅድምድም በ1963፣ በ1966፣ በ1967ና በ1968 እ.ኤ.አ. አንደኛ የወጣው ይኸው 404 ነው። አባቴ ግን ለዚህ ሁሉ ግድ አልነበረውም። የቡናውን ናሙና ይዞ ከበደሳ ሲነሣ የሚያስበው በሰላም አሰበ ተፈሪ መድረሱን ብቻ ነበር፤ ጭሮን እስከ ዕለተ ሞቱ በዚህ ስም ነው የጠራት።

መንዳት ያስተማረኝ እርሱ ነው። ካስተማረኝም ሁሉ አንዱን ቃል አብልጦ ይደጋግመው ነበር፦ «በወጣህበት ማርሽ ውረድ።» ይህ የእርሱ ፈጠራ አይደለም፤ የቆየ የሾፌሮች ደንብ ነው። አንዱን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ከወጣኸው፣ በምትመለስበት ጊዜ ያንኑ ቁልቁለት በሁለተኛ ማርሽ ውረደው ማለት ነው። ሞተር ሽቅብ ሲሄድ መኪናውን እንደሚጎትት፣ ቁልቁል ሲሄድ ቤንዚን ካልተሰጠው መልሶ ይይዘዋል፤ ማርሹ ዝቅ ባለ መጠን አያያዙ ይጠብቃል፤ ፍሬኑም ያርፋል። ፎሌ አድርጎ በፍሬን ብቻ መውረድን አባቴ ከስርቆት አሳንሶ አያየውም ነበር።

እርሱ ከሞተ በኋላ መኪናው ለእኔ ቀረ። ሞተሩ ግን አርጅቶ ዘይት ይበላ፣ ሰማያዊ ጭስም ይተፋ ጀመር። ሁለት ጊዜ ወርዶ ታድሶ ስለ ነበር ሦስተኛ ማደስ የሚያዋጣ አልሆነም። ሌላ መኪና መግዛት ደግሞ ለእኔ የማይታሰብ ነበር፤ በተለይም በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012፣ ከውጭ በሚገባና ዕድሜው ከ7 ዓመት በላይ በሆነ አሮጌ መኪና ላይ ታክሱ እስከ 500 በመቶ ከደረሰ ወዲህ ያገለገለውም ከአቅሜ ራቀ። ስለዚህ ሞተሩን ለመለወጥ ቆረጥሁ። እስከዚህ ያለው ቁጠባ ነው፤ ማንም አይነቅፈኝም።

ነገር ግን እውነቱን ለመናገር ከተነሣሁ፣ ቁጠባ ብቻ አልነበረም። በእኛ መንገድ ላይ ጫት የሚጭኑ አይሱዙዎች አሉ። ጫት ከተቆረጠ በኋላ ቶሎ የሚጠወልግ፣ ሲጠወልግም ዋጋው የሚወድቅ ስለ ሆነ፣ ከገለምሶ፣ ከበደሳ፣ ከጭሮና ከሂርና የሚነሡት ሾፌሮች ከሰዓት ጋር ይሽቀዳደማሉ። ሕዝቡም አነዳዳቸውን አይቶ «አልቃይዳ» የሚል ስም አውጥቶላቸዋል። እነዚህ መኪናዎች በየዳገቱ ጡሩምባቸውን እየነፉ ሲያልፉኝ በልቤ ውስጥ አንድ ነገር ይጎመዝዘኝ ነበር። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው በጭነት መኪና መቅናቱ ያሳፍራል፤ ግን ቀናሁ።

ሞተሩን ያገኘሁት በአዲስ አበባ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ ነው። የፔጆ 504 ሞተር ነው፤ 1,971 ሲሲ ይይዛል። 504 በ1968 እ.ኤ.አ. የወጣ የ404 ታናሽ ወንድም ስለ ሆነ፣ ሞተሩም ከዚያው ዘር የተወለደና እንደ ታላቁ ጋደል ብሎ የሚቀመጥ ነው። ስለዚህ ብዙ ሳያስቸግር ከቦታው ገባ። ሥራውን የሠሩልኝ በጭሮ የሚኖሩ፣ በወጣትነታቸው ድሬ ዳዋ በምድር ባቡር ወርክሾፕ ሙያ የተማሩ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። ሞተሩ ከመግባቱ በፊት አንድ ቀን የፊት ጎማዎቹን አስወልቀው የፍሬኑን ታምቡር አሳዩኝና፣ «ልጄ፣ ይህ ፍሬን የተሠራው ለዚያኛው ሞተር ነው። ሞተሩን ከ504 ካመጣህ የፊት ፍሬኑንም ከዚያው አምጣ፤ ዲስክ ነው» አሉኝ። «ጋሼ፣ ገንዘቡ በሞተሩ አለቀ፤ ፍሬኑን ለከርሞ እናቆየው» አልኋቸው።

ገንዘቡ አላለቀም ነበር። በቀረው ብር መኪናውን ያንኑ የአባቴን ግራጫ ቀለም አስቀባሁት፤ መቀመጫውንም አዲስ ቆዳ አስለበስሁ። ለምን ይህን መረጥሁ ብዬ ኋላ ራሴን ጠይቄአለሁ። ሞተር ሲነሣ ጎረቤት ይሰማዋል፤ ቀለም ሲያበራ ጎረቤት ያየዋል፤ ቆዳ የተቀመጠበትን ሁሉ ያስመሰግናል። ፍሬን ግን ዝም ያለ ነገር ነው። እንግዳ ጠርቶ ፍሬኑን ያሳየ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።

በሕግ በኩል አንዳች አላጎደልሁም። በሊብሬ ላይ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ሁለቱም ስለሚጻፉ፣ ሞተር መለወጤን አስመዘገብሁ፤ አሮጌው ቁጥር ተሰርዞ አዲሱ ገባ። ከዚያ በኋላ የነበሩት ወራት የደስታ ወራት ነበሩ። በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣው የነበረውን ዳገት መኪናው በሦስተኛ እያፏጨ ወጣው። አንድ ቀን ባዶውን የሚመለስ አይሱዙ ቀድሜ ጡሩምባ ነፋሁበት። ከጎኔ የተቀመጠችው ባለቤቴ «እግዜር ይይልህ» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ወደ ጭሮ ስወርድ የአባቴን ደንብ አክብሬ ነበር። ይህን አጥብቄ የምናገረው የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ስለ ሆነ ነው። ያን ቁልቁለት ከጭሮ ስመለስ በሦስተኛ ማርሽ እወጣው ነበርና፣ እንደ ደንቡ በሦስተኛ ወረድሁት። ቃሉን አልጣስሁም። ሆኖም አባቴ ይህን ቃል ሲነግረኝ ትንሹ ሞተር ዳገቱን የሚወጣው በሁለተኛ ስለ ነበር፣ የቃሉ ትርጉም «በሁለተኛ ውረድ» ነበር። ሞተሩ ሲያድግ ያው ቃል፣ አንድ ፊደል ሳይለወጥበት፣ «በሦስተኛ ውረድ» ሆነ። ቁልቁለቱ ያው ነው፤ ክብደቱ ያው ነው፤ ታምቡሩ ያው ነው፤ የጨመረው መኪናውን ሽቅብ የሚወስደው ጉልበት ነው። አባቴ ደንቡን ሲያስተምረኝ «ይህ ሞተር እስካለ ድረስ» ብሎ አልጨመረበትም፤ ሌላ ሞተር አያውቅምና መጨመር አላስፈለገውም።

ከአባቶቻችን የተቀበልናቸው ብዙዎቹ ደንቦች በአባቶቻችን ጉልበት ልክ የተሰፉ ይመስለኛል። በቡና ላይ የሰማኸውን ለጎረቤትህ አጫውት የሚለው ልማድ፣ ድምፁ ከአንድ መንደር የማያልፍ ሰው ልማድ ነው። ዛሬ ያው ሰው በኪሱ ስልክ ይዞ፣ የሰማውን ሳያጣራ በአንዲት ጣት አገር ለአገር ያዳርሰዋል፤ ቢጠየቅም «እንደ ልማዳችን ወሬ አካፈልሁ እንጂ ምን አጠፋሁ?» ይላል። እውነትም ልማዱን አልጣሰም። የልማዱን ልክ የሚጠብቀው የድምፁ ማነስ እንደ ነበረ ግን አላስተዋለም። እኔም በመኪናዬ ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

የሆነውን ልንገር። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ ማጥፋት የሚገባው ኀይል አራት እጥፍ ይሆናል፤ ይህ የፊዚክስ ሕግ ስለ ሆነ አማላጅ አይሰማም። ያ ኀይል ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ታምቡር ዝግ ስለ ሆነ ሙቀቱ ቶሎ አይወጣለትም፤ ሲግል ይሰፋና ከሸራው ይርቃል፤ ሸራውም ሲግል የመያዝ ኀይሉ ይደክማል። ሾፌሩ ይረግጣል፤ ፔዳሉ ይወርዳል፤ መኪናው ግን ይሄዳል። እኔ አስቀድሞ የደረሰኝ የተቃጠለ ሸራ ሽታ ነበር። ወደ ኩርባው ስደርስ አንዲት ሴት እንጨት የጫነች አህያ እየነዳች መንገዱን ትሻገራለች። ጡሩምባ ነፋሁ፤ ማርሹን እንደ ምንም ወደ ሁለተኛ አወረድሁ፤ የእጅ ፍሬኑን ሳብሁ። ሴቲቱ ዘልላ አመለጠች። አህያዪቱ አላመለጠችም።

የአካባቢው ሽማግሌዎች ከመንገዱ ዳር ተቀመጡ። በደሳ ተወልጄ ያደግሁ ስለ ሆንሁ ኦሮምኛ አይቸግረኝም። ምን እንደ ሆነ ሲጠይቁኝ፣ አህያዪቱ በድንገት ገባችብኝ አልሁ። ሁለታችንን ሰምተው ጥፋቱ የሁለታችሁ ነው በማለት የአህያዪቱን ግማሽ ዋጋ እንድከፍል ፈረዱ፤ ከፈልሁ። ሴቲቱ ገንዘቡን ከተቀበለች በኋላ መኪናውን እየተመለከተች እንዲህ አለች፦ «ይህን መኪና ልጅ ሆኜ አውቀዋለሁ፤ የቡና ነጋዴው ነው። ከላይ ኩርባው ላይ ካየሁት በኋላ አህያ አሻግሬ፣ ጭነት አስተካክዬ፣ ያን ጊዜ ነው የሚደርሰው። ዛሬ ምን ሆነ?»

መልስ አልሰጠኋትም። እስከ ቤቴ ድረስ፣ ከዚያም ወዲያ ለብዙ ሌሊት ጥያቄዋ አብሮኝ ሄደ።

የጥንት ግሪኮች ስለ ቴሴዎስ መርከብ ይከራከሩ ነበር። ፕሉታርክ እንደ ጻፈው፣ የአቴና ሰዎች የጀግናቸውን መርከብ ለመታሰቢያ ሲያኖሩ የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጡ አዲስ ስለሚተኩበት፣ ፈላስፎቹ «ያው መርከብ ነው ወይስ ሌላ?» ይሉ ነበር። ክርክሩ ደስ ይላል፤ ነገር ግን መርከቡ ቆሞ ነበርና በፊቱ አህያ የሚያሻግር አልነበረም። የእኔ መኪና ያው ነው ወይስ ሌላ ለሚለው ሊብሬው መልሶታል፤ ሻንሲው ያው ነው፣ ሞተሩ ሌላ ነው። ይሁን እንጂ መንገደኛ ሊብሬ አያነብም። የሚያነበው የመኪናውን መልክ ነው። ግራጫው ቀለም፣ ክቡ መብራት፣ ከኋላው ያለው ሹል ክንፍ ለዚያች ሴት የኀምሳ ዓመት ቃል ነበር፤ «እኔ ስመጣ ይህን ያህል ጊዜ አለሽ» የሚል ቃል። ቃሉን የሰጣት አባቴ ነው። እኔ አፈረስሁት፤ ማፍረሴንም አልነገርኋትም፤ ይልቁንም ተመሳስሎ እንዲታይ ያንኑ ቀለም አስቀባሁት።

በዚህ በኩል ሳየው የጫት አይሱዙዎቹ ከእኔ ይሻላሉ። ላመሰግናቸው አይደለም፤ በየመንገዱ ያደረሱት ጉዳት የታወቀ ነው። ነገር ግን መልካቸው አይዋሽም። ከሩቅ ሲታዩ እናት ልጇን ወደ ዳር ትስባለች፤ እረኛው ከብቱን ይመልሳል። እኔ የመጣሁት በሰላማዊ ሰው ልብስ ነው።

እንግዲህ ሞተር መለወጥ ኀጢአት ነው ልል ነውን? አልልም። ራሳቸው የፍጥነት ወዳጆቹ ከእኔ የተሻለ ያውቁ ነበር። በ1953 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አገር በሌ ማን በተደረገው የ24 ሰዓት ውድድር ጃጓር ሲያሸንፍ፣ ከተቀናቃኞቹ የለየው ዲስክ ፍሬኑ ነበር፤ ሌሎቹ ከኩርባው ርቀው መያዝ ሲጀምሩ እርሱ ዘግይቶ ይይዝ ነበርና። እንደዚሁም በ1962 እ.ኤ.አ. ካሮል ሼልቢ የተባለው አሜሪካዊ፣ ኤሲ በተባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ ቀላል መኪና ውስጥ የፎርድን ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር አስገብቶ ኮብራ የተባለውን መኪና አወጣ። ዓለም የሚያስታውሰው ሞተሩን ነው። በ1965 ሞተሩን ወደ 7 ሊትር ባሳደጉት ጊዜ ግን ሻንሲውን እንደ ነበረ አልተዉትም፤ ቱቦዎቹን አወፈሩ፤ ባሌስትራውን አውጥተው ሱስታ አስገቡ። ዕብድ የሚባሉት እሽቅድድመኞች ያደረጉትን እኔ አስተዋይ የምባለው የቡና ነጋዴ ልጅ አላደረግሁም።

አንድ ወዳጄ፣ በበደሳ አስተማሪ የሆነ፣ ጥፋቱ የመካኒኩ ነው፤ ያለ ፍሬን አልሠራም ማለት ነበረባቸው ብሎ ተከራከረኝ። እኔ ይህን አልቀበልም ነበር፤ ነግረውኛልና። የሚገርመው ግን ነገሩን ለእርሳቸው ብነግራቸው ከወዳጄ ጋር ተስማሙ። «ነግሬው ነበር ማለት ቀላል ነው። ቁልፉን በእጅህ የሰጠሁህ ግን እኔ ነኝ» አሉ። ያስጠነቀቀ ሰው ከዚያ በኋላ በሠራው ሥራ ምን ያህል ነጻ እንደሚሆን እስከ ዛሬ ቆርጬ መፍረድ አልቻልሁም።

ጥያቄው በእኔ ፔጆ የሚያበቃም አይደለም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ አሮጌውን አካል ጠብቆ በውስጡ የኤሌክትሪክ ሞተር ማስገባት ይቻላል የሚል ወሬ በጋራዥ እሰማለሁ። አሳቡን አልጠላሁትም። ነገር ግን የኤሌክትሪክ ሞተር ከቆመበት ሲነሣ ወዲያው ጉልበቱን የሚሰጥ፣ ድምፁም የማይሰማ ነው። የአባቴ ፔጆ ያን ጊዜ መልኩን ብቻ ሳይሆን ጆሮንም ሊያታልል ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚወጡ አዲስ ዓይነት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ቀስ ብለው ሲሄዱ ሰው ሠራሽ ድምፅ እንዲያሰሙ በሕግ ታዘዋል። ድምፁ ለሾፌሩ አንዳች አይጠቅመውም፤ የተጨመረው በእግሩ ለሚሄደው፣ መኪናውን ላልገዛው፣ ምናልባትም ላልወደደው ሰው ነው። በመኪናዬ ላይ ድርሻ ያለው ሰው ከመኪናዬ ውጭ እንዳለ ከዚህ የበለጠ ግልጽ አድርጎ የነገረኝ ሕግ አላየሁም።

ዲስክ ፍሬኑን አስገባሁ፤ ቁልቁለቱንም በሁለተኛ መውረድ ጀመርሁ። ይህ ቀላሉ ነበር። የከበደኝ በሽማግሌዎቹ ፊት የተናገርሁት ነው። አህያዪቱ አልገባችብኝም፤ እኔ ነኝ የገባሁባት። ሞተር መለወጤንና ፍሬን መተዌን ቢያውቁ ኖሮ ግማሽ አይፈርዱም ነበር። ይህን እያወቅሁ፣ ዛሬ ሥራ አለ፣ ነገ ዝናብ ነው እያልሁ ስምንት ወር አሳለፍሁ።

በሰኔ ወር የቀረውን ግማሽ ዋጋ ይዤ ወደ መንደሩ ሄድሁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱን ጠርቼ፣ በእርሱ ፊት የሆነውን ሁሉ ለሴቲቱ ነገርኋት። ሽማግሌው ዝም ብሎ አዳመጠና ዘንጉን መሬት ላይ ሁለት ጊዜ መታ አደረገ። እርሷ አልተቆጣችም። ከዚያ ወዲህ አህያ ገዝታ እንደ ሆነ ስጠይቃት፣ «ኦቦ፣ ግማሽ አህያ አይሸጥም» አለችኝ። ስምንቱን ወር እንጨቱን በገዛ ጀርባዋ ተሸክማ ነው ወደ ገበያ ያወጣችው።

ገንዘቡን ቆጥራ በሻሽዋ ጫፍ ቋጠረችው። ከዚያ በኋላ፣ ወደ ጭሮ የምወርደው በየትኛው ቀንና በስንት ሰዓት እንደ ሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኋት።